እንኳን አደረሳችሁ፣ በተለይ ዘቢብ ይዛችሁ ለምትመጡ

እንኳን ለእመቤታችን የፍልሰታ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሱባኤ የገባችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የቆረባችሁ፣ ዛሬ ደስ ብሏችሁ ፍቱ።

የኔ በዓል ዘንድሮ ሰው ጎድሎበታል። በልጅነቴ በዲቁና ባገለገልኩበት ገዳም፣ የቅዳሴው ኅብስትና ወይን የሚዘጋጅበት የቤተ ልሔሙ አባት ዐረፉ። እኛ ልጆቹ «አባታችን» ነበር የምንላቸው።

ከቤተ ልሔሙ ጀርባ አንድ የወይን ሐረግ ነበረቻቸው። የተከሏት ከእሳቸው በፊት የነበሩ አባት ናቸው። ወይን በየጊዜው አይደርስም፤ ቅዳሴ ደግሞ ክረምት ከበጋ አለ። ስለዚህ ፍሬውን ያደርቁታል። ዘቢብ ከሆነ ይቆያል፣ ወይን ወደማይበቅልበት ደጋም ይሄዳል። የሐረጓ ፍሬ ግን ለዓመት የት ይበቃል? የጎደለውን ምእመናን ናቸው ከገበያ ገዝተው ከጧፍና ከዕጣን ጋር የሚያመጡት።

ካረፉ በኋላ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ስፈልግ አልቫሬዝ ጋ ደረስኩ። በ1520ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር አገራችን የመጣው ቄስ ነው። ያኔ ወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በሁለት ቤት ብቻ ነው ይላል፦ በንጉሡ በዐፄ ልብነ ድንግልና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ዘቢብ አስቀምጦ ይቀድሳል። ዘቢቡ 10 ቀን ውሃ ውስጥ ይከርማል። ሲያብጥ ይጠፈፋል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጨመቃል።

ይሄን ሳነብ የአባታችን እጅ ፊቴ ድቅን አለ። እሳቸው ያን ያህል አያቆዩትም ነበር፤ አጥበው፣ ዘፍዝፈው፣ ጨምቀው ትኩሱን ለጽዋው ያደርሱታል። ከዘቢቡ እንጨቱን ሲለቅሙ ግን አንድም ቃል አይወጣቸውም። አንዲት ፍሬ ብትወድቅ፣ በዚያ በታመመ ወገባቸው፣ ጎንበስ ብለው ያነሷታል። የንጉሡም የጳጳሱም ጠጅ ቤት ዛሬ የለም። የገዳማቱ ዘቢብ ግን 500 ዓመት ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ያሻገሩት እንደ እሳቸው ያሉ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። እኔን ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው፤ በሕይወት እያሉ ማን አመሰገናቸው?

ስለዚህ ዛሬ ላመስግን። ወገባቸው ሲብስ አጠገባቸው ያደራችሁ ሁለት ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰፈራችን እማማ፣ ጡረታዎ ሳይተርፍዎት በየፍልሰታው ዘቢብ ሲልኩ አባታችን ስምዎን እየጠሩ ይጸልዩ ነበር፤ ይወቁልኝ። ቤተ ልሔሙን የተረከብከው ወንድሜ፣ ሐረጓን ስለደገፍክልን አመሰግናለሁ።

በጦርነትና በመፈናቀል ቅዳሴ ለታጎለባችሁ ደግሞ ባዶ «መልካም በዓል» ማለት ከበደኝ። ደጃችሁ ይከፈት። ካህናታችሁ በሰላም ይመለሱ። መሣሪያ የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ሰው ልጁን ይዞ ይቁረብበት።

በዚህ ሳምንት ወደ ገዳም የምትሄዱ፣ አንድ ኪሎ ዘቢብ ያዙ። የገጠሩ ገዳም ይበልጥ ይቸግረዋል።