ጥጃው ካልቀረበ ወተት የለም

ዛሬ ከሳሌር ከዓይኔ ያልጠፋው አስተላለቡ ነው። ሳሌር በፈረንሳይ ካንታል ተራሮች ላይ ያለች፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራች ትንሽ መንደር ናት። ቀይ ቡናማዋ የሳሌር ላም እንደ እኛ አገር ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትከለክላለች፤ የማለቢያ ማሽን ቢገጠምላትም ያው ነው። ስለዚህ ጥጃው መጀመሪያ ይጠባል። ወተቱ ሲወርድ ከእናቱ የፊት እግር ጋር ይታሰራል፤ ጀርባው ላይ ጨው ይነሰነስና እሷ እሱን ስትልስ ትታለባለች። እንዴት ደስ ይላል!

ከዚያ ወተቱ አይብ እንዲሆን የሚገለበጠው ዤርል በሚሉት የእንጨት ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው በሳሙና አይታጠብም፤ ከታጠበ እንጨቱ ላይ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፣ የአይቡም ጣዕም አብሮ ይሄዳል። ለ1 ኪሎ አይብ ወደ 10 ሊትር ወተት ይፈጃል። የሳሌር አይብ የሚሠራው ላሞቹ ግጦሽ ላይ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ከኤፕሪል 15 እስከ ኖቬምበር 15 ብቻ ነው።