ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ

ጥር ላይ ነው የጀመረኝ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው ወደቀ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ ደንዝዟል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጀርባዬ ግን በላብ ርሷል። ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ!

እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ጎረቤቴ «አንቺ ልጅ፣ ብርድ መትቶሽ ነው፤ ጋቢ ደርቢ» አሉኝ። እናቴ በስልክ «ሸንኮራ ዮሐንስ ሂጂ» አለች። ሐኪሙ ደም ግፊት ለካ፤ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ አስመረመረ። ሁሉም ኖርማል። ይህን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። በሽታው ቢገኝ እኮ ቢያንስ ስም ይኖረዋል።

የጠቀመኝ ሐኪሙ ያዘዘኝ ደብተር ነው። ሲጀምረኝ ሰዓቱን፣ የበላሁትን፣ እንቅልፌን እጽፋለሁ። «ፊትሽ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም አፍሽ ከተሳሰረ ግን ደብተሩን ጥለሽ ሩጪ» ብሎኛል። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ መጥቶብኛል። አብዛኛው ንጋት ላይ፤ ሁለቴ ግን ቡና እያፈላሁ። ለምን? እንጃ።

ጠበሉንም ሄጃለሁ፤ እናቴን ማን ይችላታል? የነርቭ ሐኪም ቀጠሮዬ ሚያዝያ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር። እስከዚያው በግራ እጄ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። ተማሪዎቼ «ሰ»ዬን «በ» ብለው ያነቡታል።