እና ምን?

ቢሮአችን አራት ኪሎ ነው፣ እዛው ሰፈር ላለች አንዲት ምግብ ቤት ዌብሳይት የሠራንላት በፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ባለቤቷን ማዘር ነው የምንላቸው። ገጹ አናት ላይ "ዛሬ ያለን፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን እና ክትፎ።" የምትል መስመር አለች። በጃንጎ (የዌብሳይት መሥሪያ ነው) ቴምፕሌት፣ ማለትም የገጹ መልክ በሚጻፍበት ፋይል፣ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ምግቦቹን አንድ በአንድ የሚያወጣ ሉፕ አለ፣ ከየምግቡ ኋላ ፎርሉፕ ላስት (የሊስቱ መጨረሻ) ከሆነ አራት ነጥብ፣ ከኋላ የሚቆጥረው ሪቭካውንተር 2 ከሆነ (ከመጨረሻው በፊት ያለው ማለት ነው) "እና"፣ ለሌላው ነጠላ ሰረዝ። እንደውም ጎረር ብዬባት ነበር።

ሃምሳውን ቀን ሙሉ ኮሽ አላለም። ረቡዕም አርብም ይበላል፣ አድሚኑ (የዌብሳይቱ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ያለችውን "ጾም" የምትል ምልክት የነካት የለም፣ እኛም ቴስት ስናደርግ ትዝ አላለችንም። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ማዘር ምልክቷን አደረጓት፣ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ ሰው እየደወለ 'እና ምን?' ይለኛል፣ ምን ልበለው?"

ከፍቼ ሳየው "ዛሬ ያለን፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን እና" ይልና ቁጭ። ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም።

ለካ በጾም ክትፎን የሚዘለውን ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚለውን ትእዛዝ) ሉፑ ውስጥ ነው የከተትኩት። ሉፑ የሚቆጥረው የሰጡትን ሊስት ነው፣ ስክሪን ላይ ምን እንደወጣ ምን ገዶት፣ እና ጎመን ጋር ሲደርስ ገና አንድ ይቀረኛል ብሎ "እና"ን ጻፈ፣ ክትፎ ጋር ሲደርስ ደግሞ ኢፉ ክትፎውን ከነአራት ነጥቡ ዘለለው።

አጠገቤ ያለው ልጅ "ሰረዙን ከፊት አድርገው፣ ፈርስት ካልሆነ ብቻ ይጻፍ" አለኝ፣ ጠዋት ሽሮ አለቀ ቢባልስ? መስመሩ በሰረዝ ሊጀምር ነው። ጂንጃ (ሌላ የቴምፕሌት ቋንቋ) ቢሆን ኢፉን ሉፑን የሚከፍተው ፎር ላይ ራሱ ትቀጥልበትና ላስት የሚቆጥረው የተጣራውን ነው፣ ጃንጎ ግን እሱ የለውም። ስለዚህ ማጣራቱን ወደ ቪው (ሊስቱን ለቴምፕሌቱ ወደሚያቀብለው ኮድ) አወጣሁት፣ ቴምፕሌቱ አሁን ጾም ይሁን ፍስክ አያውቅም፣ የመጣለትን ይጽፋል።

ከዛ በአራት፣ በሁለት፣ በአንድ ምግብ ሞከርኩት፣ ሁሉም ሠራ። በዜሮ ስሞክረው "ዛሬ ያለን፦" ብሎ ቀረ፣ ለሱ፣ ሊስቱ ባዶ ሲሆን የሚወጣውን የምትጽፍበት ኤምፕቲ የሚባል ታግ ስላለ ምን ይጻፍበት ብዬ ማዘር ጋ ደወልኩ።

"እኔ ቤት ምግብ አልቆ ያውቃል?" ብለው ዘጉብኝ።