ቦርዱ ላይ ብቻ የሚወድቀው ፈተና

ደንበኛችን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ንባብ የሚሰበስብ ዕቃ የሚሠራ የውጭ ድርጅት ነበር። ዕቃው ለዓመታት በአርም ፕሮሰሰር ሲሠራ ኖሮ አዲሱን ሞዴል በሪስክ-ፋይቭ ሊያወጡት ወሰኑ። ሪስክ-ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ2010 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ቺፕ ሠሪ የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል ሊጠቀምበት የሚችል የትዕዛዝ ስብስብ፣ ማለትም ፕሮሰሰር የሚረዳው ቋንቋ ነው። የእኛ ሥራ ዴቢያን ሊኑክስን ከነሱ ፕሮግራሞች ጋር አዲሱ ቦርድ ላይ አስነስቶ ማስረከብ ነው። ጊዜው ዴቢያን ሪስክ-ፋይቭን ገና በይፋ ያልተቀበለበት ነበር። በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሲሆን፣ እሱን ይዞ የወጣው የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም ደግሞ የኦገስት 2025ቱ ዴቢያን 13 ነው። እንግዲህ እኛ ስንጀምር የጎደለውን ፓኬጅ ራሳችን እየገነባን ነበር።

ቦርዱ ጉምሩክ ተይዞ ስለቆየ ሥራው የተጀመረው በኢሙሌተር፣ ማለትም የሌላ ማሽንን ፕሮሰሰር በሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ኪሙ የሚባለው ፕሮግራም ለሪስክ-ፋይቭ የተጻፈውን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወደ ኢንቴል ትዕዛዝ እየገለበጠ ሰርቨራችን ላይ ያስሮጥልናል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይሠራል።

ፕሮሰሰር የቀየረ ሰው የሚያውቃቸው ጣጣዎች ሁሉ ተራ በተራ መጡ። ዕድሜ ጠገብ ፓኬጆች ውስጥ ያለው ኮንፊግ-ሰብ የሚባል ስክሪፕት «ይህን ማሽን አላውቀውም» ብሎ ገና ከበር ይመልሳል፤ በአዲስ ሲተካ ያልፋል። የተገነቡትን ቁርጥራጮች የሚያገጣጥመው ሊንከር ደግሞ በ«አቶሚክ» የሚጀምሩ ስሞችን አጣሁ ይላል፤ የዚያን ጊዜው ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይረው ኮምፓይለር) በሪስክ-ፋይቭ ላይ የአንድ ባይት አቶሚክ ሥራን፣ ማለትም ሌላ ሳይገባበት ባንዴ የሚያልቀውን፣ በራሱ ስለማይጨርሰው ሊብአቶሚክ የሚባለውን ላይብረሪ በእጅ መጨመር ግድ ነበር። ጂሲሲ 13 ከወጣ ወዲህ ይሄኛው በአብዛኛው ቀርቷል።

ከሁሉም ያሳቀን ግን አንዲት ትንሽ የማስተካከያ ፕሮግራም ናት። ገና ስትነሳ ፕሮሰሰሩን 100 በመቶ ይዛ ትቀራለች። የትዕዛዝ መስመር አማራጮችን የሚያነበው ፈንክሽን ሲጨርስ -1 ይመልሳል፣ ጸሐፊው ደግሞ መልሱን የሚቀበለው «ቻር» በሆነ፣ አንድ ባይት ብቻ በሚይዝ ተለዋዋጭ ነው። ኢንቴል ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር ይይዛል። ሪስክ-ፋይቭና አርም ላይ ግን አይይዝም፤ -1 ሲሰጡት 255 ሆኖ ይቀመጣል፣ 255 ደግሞ መቼም ከ-1 ጋር እኩል አይሆንምና ዙሩ አያልቅም። ቻሩን አሉታዊ ቁጥር የትም በሚይዘው «ኢንት» ስንተካው አለቀ። (አርም ላይ ለዓመታት ሠርታለች የተባለችው ፕሮግራም እንዴት ሠራች ብለን ስንጠይቅ፣ ለካ እዚያ ማንም ነክቷት አያውቅም።)

እነዚህን ሁሉ ኢሙሌተሩ ያለ ችግር አሳየን። ችግሩ ፕሮግራሙ ሲገነባ ከኮምፓይለሩና ከመገንቢያ መሣሪያዎቹ የሚመጣ ስለሆነ ፕሮግራሙ የትም ቢሮጥ ይታያል። አንድ ጉድለት ግን ነበረው፤ ከመቀርፈፉ የተነሣ አንዳንድ ፈተናዎች የተመደበላቸው ጊዜ እያለቀ ይወድቃሉ። ስለዚህ የቡድናችን መሪ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ የፈተና ስክሪፕቱ ላይ «ከወደቀ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገም» የሚል መስመር አስገቡ። በወቅቱ ትክክል ነበር፤ ያን ባያደርጉ ግማሽ ቀናችን ቀይ መስመር በማየት ያልቅ ነበር።

ቦርዱ መጣ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ተነሳ፣ ፈተናዎቹም አረንጓዴ ሆኑ። ያቺ የመድገሚያ መስመር ግን ከስክሪፕቱ ጋር አብራ ወደ ቦርዱ ተሻግራለች። የወደቀ ነገር ቢኖርም በሁለተኛው ዙር ስለሚያልፍ ሪፖርቱ ላይ የሚደርስ የለም።

ያየችው የቡድናችን ታናሽ ነበረች፣ ከገባች ብዙም ያልቆየች። የመጨረሻውን ውጤት ትታ ሙሉውን ሎግ ታነባለች። የቆጣሪ ንባብ የሚቀባበሉትን ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) የሚፈትነው ፈተና አልፎ አልፎ «የተጠበቀው 7፣ የተገኘው 0» ብሎ ይወድቃል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጊዜ ማለቅ አይደለም። ቁጥሩ ራሱ የተሳሳተ ነው» አለቻቸው።

«ቦርዱ ይሞቃል ልጄ። ፓወር ሰፕላዩም የሚያስተማምን አይደለም። ድገሚው እስቲ።»

አልተከራከረችም። ፋን አስቀመጠችለት፣ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረች፣ መብራት እንዳይረብሻት ዩፒኤስ ላይ ሰካችው፤ ያው ነው። ከዚያ ያደረገችውን ዛሬ ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ የምነግረው ነው። ፈተናውን ታስክሴት በሚባል ትዕዛዝ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (ትዕዛዝ ከሚፈጽሙት ክፍሎቹ) አንዱ ላይ ብቻ አስራ ሌሊቱን ሙሉ አስሮጠችው፤ አንድም ጊዜ አልወደቀም። በማግስቱ ማታ ሁለት ኮር ላይ ለቀቀችው፤ ጠዋት ሎጉ ውስጥ ዜሮዎቹ ተዘርግፈዋል። ሙቀትና መብራት ኮር አይመርጡም።

ኮዱን ከፈትነው። አንደኛው ትሬድ ንባቡን ሜሞሪ ላይ ይጽፍና «ዝግጁ» የሚል ምልክት 1 ያደርጋል። ሁለተኛው ምልክቱን እየጠበቀ፣ 1 ሲሆን ንባቡን ያነሳል። ምልክቱ «ቮላታይል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሲ የጻፈ ሁሉ አይቶት የሚያውቀው አጻጻፍ ነው። ልጅቷ ከኮምፓይለሩ የወጣውን የማሽን ትዕዛዝ አተመችና ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሁለት የመጻፊያ ትዕዛዞች ተከታትለው ቆመዋል፦ መጀመሪያ ንባቡ፣ ቀጥሎ ምልክቱ። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። ኮምፓይለሩ ጥፋት የለበትም።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብዙ አዩት። «በሁለቱ መሃል ምንም የለም» አሉ።

እሱ ነበር ነገሩ። ሪስክ-ፋይቭ ላይ አንድ ኮር የጻፋቸው ሁለት ነገሮች ለሌላው ኮር በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይታያሉ የሚል ዋስትና የለም። አንባቢውም ኮር በበኩሉ ንባቡን ከምልክቱ አስቀድሞ ሊያነሳ ይችላል። የታክሲ ረዳት የመጨረሻው ተሳፋሪ እግሩን ሳያስገባ «ሳበው!» እንደሚለው፣ ምልክቱ ደርሶ ንባቡ ገና መንገድ ላይ ነው። ቮላታይል ለኮምፓይለሩ «ይህን በየጊዜው ከሜሞሪ አንብበው» ይለዋል እንጂ ለፕሮሰሰሩ ስለ ተራ የሚነግረው ነገር የለም። ኢንቴል ግን ጠንካራ ሥርዓት አለው፤ መጻፍን ከመጻፍ፣ ማንበብን ከማንበብ አያቀያይርም። (የሚፈቅደው አለ፤ ከመጻፍ በኋላ የመጣ ንባብ ሊቀድም ይችላል። እኛን ያጋጠመን ግን ያ አይደለም።) ኪሙ ደግሞ የሪስክ-ፋይቩን መጻፍ የሚገለብጠው ወደ ተራ የኢንቴል መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ስሙ ሪስክ-ፋይቭ ቢሆንም በኢንቴል ሥርዓት ሲጠበቅ ነበር። ያ ፈተና ኢሙሌተር ላይ አንድ ዓመት ቢሮጥ በዚህ ምክንያት አይወድቅም።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው። ቮላታይሉ ወጥቶ በሲ11 (የሲ ቋንቋ የ2011 ደረጃ) አቶሚክ ተተካ፤ ጸሐፊው በ«ሪሊዝ»፣ አንባቢው በ«አኳየር»፣ ሁለቱም ተራ የሚያስጠብቁ ናቸው። እንደገና ስናትመው በሁለቱ የመጻፊያ ትዕዛዞች መሃል ፌንስ የሚባለው ትዕዛዝ ገብቷል፣ በአንባቢውም በኩል እንዲሁ። ኢንቴል ላይ ግን ከፓቹ (ከዚህ ማስተካከያ) በፊትም በኋላም የሚወጣው ያው ተራ «ሙቭ» ነው። የደንበኛው ሰዎች ፍጥነት ይቀንሳል ብለው ሲሰጉ የሁለቱን ኅትመት ጎን ለጎን ላክንላቸው።

ጋሼ የመድገሚያዋን መስመር በዚያው ቀን ከቦርዱ ስክሪፕት አወጧት። ኢሙሌተሩ ላይ ቀረች፣ እሷም ጊዜ ላለቀበት ፈተና ብቻ፤ ቁጥር ተሳስቶ የወደቀ አይደገምም። ስትወጣ ሌሎች ሁለት ፈተናዎችም አብረው ተጋለጡ። አንደኛው ተመሳሳይ የተራ ችግር ሆኖ ተገኘ፣ ሌላው ግን እውነትም የኤስዲ ካርዱ ነበር፤ ጋሼ በዚያች ሳምንቱን ሙሉ ፉከራ አደረጉባት።

ፓቹን በላክን በማግስቱ ከደንበኛው ደብዳቤ መጣ። በአሮጌው፣ ባለ አርሙ ሞዴል ላይ «አንዳንዴ ንባቡ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል» የሚል ምክንያቱ ያልተገኘለት ቅሬታ ነበራቸው። ቆጣሪ ሲቀየርለት የኖረ ደንበኛ ሁሉ አለ። አርምም እንደ ሪስክ-ፋይቭ ለኮሮቹ የተራ ዋስትና አይሰጥም፣ ኮዱም ያው ኮድ ነው፤ ፈተናው ግን ይሮጥ የነበረው በገንቢዎቹ ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ፓቹን ለአርሙም አዘጋጁልን አሉ። ልጅቷ ሠራችው። ጋሼ ውሉን አገላብጠው አርም የሚል ቃል ስላጡበት ለብቻው ሒሳብ ጠየቁበት፣ ተከፈለንም።