አላርሜ 10:30 ሌሊት ላይ ጮኸ፣ ግን አልቆጨኝም

ትናንት ወፍ ለማየት ሁለት የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ዞርኩ፣ እግሬ አሁንም ያመኛል ግን የዚህ ፀደይ ምርጥ ቀኔ ነበር በቃ። ጎህ ሳይቀድ ጫካው ውስጥ ገባሁ፣ ወፎቹ በጣም የሚዘምሩት ያኔ ነዋ፣ ወንዶቹ "ይሄ ሰፈር የኔ ነው" እያሉ ሴት ይጠራሉ። ቅጠሉ ገና ስላልሞላ ደግሞ ለማየትም ይመቻል። ብዙዎቹን በድምፅ እንጂ በዓይን አልለየኋቸውም (እሺ፣ ግማሾቹን በአፕ ነው)።

ከሰዓት ረግረጉ ጋ ሄድኩና መደበቂያ ጎጆው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም፣ ልነሳ ስል አንዲት ሰማያዊ ዓሣ አዳኝ ወፍ ከፊቴ ቅርንጫፍ ላይ ዱብ! እጄ ተንቀጥቅጦ ባይኖኩላሩን ፎከስ ማድረግ አቃተኝ። ላባዋ ውስጥ እኮ ሰማያዊ ቀለም የለም፣ የላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃኑን ሲበትነው ነው እንደዛ የሚታየን።

ልወጣ ስል ሽመላዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ሞቃት አየር ላይ እየተሽከረከሩ ከፍ አሉ። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ወደ ላይ የሚያነሳ አየር ስለማያገኙ ባሕሩን ዞረው ነው የሚሄዱት። አንገቴ እስኪደነዝዝ አየኋቸው፣ ፎቶ ማንሳቱንም ረሳሁት።