ፉጂ የማን ነው?

አብራኝ የምትሠራ ልጅ «አሮጌውን ሺህ የን አትመንዝሪው፣ የፉጂ ተራራ ያለበት እሱ ነው» አለችኝ። እዚህ ቶኪዮ ሺህ የን ማለት አንድ ምሳ ነው። ምሳዬን ደግሞ ለማስታወሻ ብዬ አላስቀምጥም። ግን ነገሩ ከነከነኝና ማታ አሮጌውንና አዲሱን ኖት አውጥቼ አየኋቸው።

አሮጌው ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ፉጂ ከሞቶሱ ሐይቅ ማዶ ጉብ ብሎ፣ ምስሉ ውሃው ላይ ተገልብጦ፣ በጎን የቼሪ አበባ። ኮዮ ኦካዳ የተባለ ፎቶ አንሺ በ1935 (በፈረንጅ) ካነሳው ፎቶ የተወሰደ ነው። በኖቱ የፊት ገጽ ያለው ኖጉቺ ሂዴዮ ነው፤ ቢጫ ወባን ሲመራመር እሱው ይዞት በ1928 አክራ ላይ የሞተው ሐኪም።

ግን ቆይ፣ ይሄ መንግሥት በገንዘቡ ላይ ያተመው ተራራ ጫፉ እኮ የመንግሥት አይደለም! ተራራ ወጪዎች ከሚያርፉበት ስምንተኛ ጣቢያ በላይ፣ ጥቂት ቦታ ሲቀር፣ የሰንገን ቤተ መቅደስ ይዞታ ነው። ለካህናቱ ተራራው ራሱ ቅዱስ ነው። በሜጂ ዘመን (1868–1912) መንግሥት ወሰደው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «መልሱልን» አሉ፣ ተካሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ለቤተ መቅደሱ ፈረደ። መሬቱን ያስረከቡት ግን በ2004 ነው፤ ይሄው ኖት በወጣበት ዓመት። ሠላሳ ዓመት! የፍርድ አፈጻጸም እዚህም ያው ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

አዲሱ ሺህ የን በሐምሌ 2024 ነው የወጣው። ጀርባው ላይ የሠዓሊው ሆኩሳይ «ትልቁ ማዕበል» የተባለው ሥዕል አለ። ልጅቷ ልብ ሳትለው ቀርታ ነው እንጂ ፉጂ እዚህም አለ። ከማዕበሉ ሥር፣ ከጀልባዎቹ ኋላ፣ ጥፍር የምታክል ነጭ ጫፍ። ቀዛፊዎቹ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ጎንበስ ብለዋል። ተራራውን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

እኔ የማውቀው ፉጂ ይሄኛው ነው። በክረምት ጠዋት የቹኦ ባቡር የታማን ወንዝ ሲሻገር ብቅ ይላል። ባቡሩ ጢም ብሏል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። እኔም አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠኛል።

ለልጅቷ አዲሱ ይሻላል አልኳት። አልተስማማችም። ባለፈው የራመን (የኑድል ሾርባ) ቤት የትኬት ማሽን አዲሱን አልቀበልም ብሎ እየተፋ ከነረሃቧ መልሷታል፤ እሱን ደግሞ ምን ብዬ ልከራከራት?