ወንድሟ ያልተረጎመው ጥያቄ

በደብረ ብርሃን ከተማ በሥነ ልቦና አማካሪነት መሥራት በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ውርጩ የጠዋቱን ሣር በሚያነጣበት በኅዳር ወር፣ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከመንዝ ወደ ቢሮዬ መጣች። (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዕድሜዋንና አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።) ይዘውት የመጡት የሪፈር ወረቀት «መስማትም መናገርም የማትችል፤ ሌሊት ለብቻዋ ታወራለች፤ እጇን ታወናጭፋለች፤ ያለ ምክንያት ትቆጣለች፤ ምግብ ትታለች» ይላል። መናገር የማትችል ሰው እንዴት ለብቻዋ ልታወራ እንደምትችል ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ አልጠየቀም፤ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤው አልጠየቅሁም።

ወንድሟ ጋቢውን እንደ ደረበ ከጎኔ ተቀመጠ፤ እሷ ከፊት ለፊታችን ሆነች። እኔ ጀርባዬን ለቢሮዬ ብቸኛ መስኮት ሰጥቼ ነበር። «ዶክተር፣ እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የፈለጉትን ይጠይቁኝ» አለኝ። ዶክተር አለመሆኔን ነገርሁት፤ እስከ መጨረሻው ግን ዶክተር ማለቱን አልተወም። የተማርሁትን ቅደም ተከተል ይዤ መጠየቅ ጀመርሁ፤ ዓይኔ ከእሱ ወደ ወረቀቴ፣ ከወረቀቴ ወደ እሱ ይመላለስ ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው ዓይንን ወደ ወረቀት መመለስ፣ ለሚሰማ ሰው እየተናገረ ሳለ ጆሮን በእጅ እንደ መድፈን መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለች?» ስለው ወንድሟ ፈገግ ብሎ «ኧረ ዶክተር፣ እሷ በማጅራት ገትር ጆሮዋ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ የምኑን ድምፅ?» አለ። ቢሆንም ጠይቃት ብዬ አጥብቄ ያዝሁት። ጆሮውን ነካ፣ ጣቱን ወደ ላይ አመለከተ፣ ቅንድቡን አነሣ፤ እሷም ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች። እኔ «አዎ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ቀጥዬ «ሆድ ይብሳታል?» አልሁ፤ እሱ ሆዱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፤ እሷ በመገረም አየችኝና እንደገና ነቀነቀች። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከእኔ በፊት የታየችበት ጤና ጣቢያ በዚሁ ዓይነት ጥያቄ የጨጓራ መድኃኒት አሸክሞ ልኳት ኖሯል። ኀዘናችንን፣ ቂማችንንና ናፍቆታችንን ሁሉ በሆድ የምንናገር ሕዝብ ስለሆንን፣ ሆድ ባሰኝ የሚለው በጣት ሲጠቆም የሚደርሰው ጨጓራ ላይ ነው።

ከዚያ «ምን አሳዘነሽ በላት» አልሁት። ወንድሟ ጋቢውን ሳብ አደረገ፤ በእጁ አንድ አጭር ነገር አሳያትና ወዲያው «ምንም የለም ትላለች» አለኝ። እጇ ግን ከጭኗ ላይ አልተነሣም ነበር። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ራሴን ላጽናና አልችልም፤ በር ላይ ሌሎች ሦስት ባለጉዳዮች ስለ ነበሩ ብቻ አለፍሁት። በማስታወሻዬም «የሌለ ድምፅ የመስማት ምልክት አለ፤ ለመድኃኒት ሕክምና ይታይ» ብዬ ጻፍሁ።

ወረቀቱን የወሰድሁለት የሥነ አእምሮ ነርስ በዕድሜም በልምድም የሚበልጠኝ ሰው ነበር። አንብቦ ሲጨርስ «በምን ቋንቋ ጠየቅሃት?» አለኝ። በወንድሟ በኩል ስለው ወረቀቱን መለሰልኝ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች እጅን የማንቀጥቀጥና ጡንቻን የማግተር ጠንቅ እንዳላቸው አስታወሰኝና፣ በእጇ ለምትናገር ሰው ይህ ምላስን እንደ ማሰር መሆኑን ነገረኝ። ካስፈለጋት ይሰጣታል፤ ማስፈለጉን ግን ማንም እስካሁን እሷን አልጠየቀም አለ። መስማት ከተሳናቸው ሕሙማን መካከል እጅ ሲናገራቸው ወይም ከንፈር ሲንቀሳቀስባቸው እንደሚያዩ የሚገልጹ ስላሉ፣ ጥያቄው ራሱ በሚገባቸው መንገድ ካልቀረበ መልሱ ወደ አንዱም ወገን ሊታመን እንደማይችል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለቀጣዩ ሳምንት የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር በአስተርጓሚነት እንዲገኝልኝ ለመንሁ። ክፍያው በየትኛውም የበጀት መደብ ውስጥ ስላልነበረ የትራንስፖርቱን እኔ ሸፈንሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ የጻፍኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ እንዳጸደቀችና ስምምነቱ ለአካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና እንዲሰጥ እንደሚያዝዝ በሦስቱም ደብዳቤዎች ጠቅሼ ነበር።

ወጣቷ መምህሩን በር ላይ አይታ ሰላምታውን በእጁ ሲሰጣት ትከሻዋ ወረደ። ሕፃን ሳለች ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ በልዩ ፍላጎት ክፍል እስከ 6ኛ ክፍል መማሯን፣ ከዚያም በኋላ እዚያው ሱፍ እየፈተለች መቆየቷን ወንድሟ አልነገረኝም ነበር፤ ለነገሩ አልጠየቅሁትም። እጆቿ ከጀመሩ በኋላ አላቆሙም። መምህሩ ከእኔ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ስለ ተቀመጠ እኔንም እሱንም በአንድ እይታ ታያለች፤ እሱም «እሷ እንዲህ አለች» ሳይል በ«እኔ» ያስተላልፋል። ወንድሟን ውጭ እንዲጠብቀን አድርጌ ነበር።

«እናቴ የት እንዳለች ንገረኝ» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። የእናቷንም ስም በጣት ፊደል ጻፈችልን፤ የእጇ ቅርጽ ፊደሉን ሲይዝ እንቅስቃሴው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ እየለየ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችው። እናቷ የሞቱት እሷ ከተማ ሳለች ነው። ቤተሰቡ ትደነግጣለች ብሎ ሳያረዳት ቀረ፤ ከአርባው ተዝካር በኋላ ወደ መንዝ ሲወስዳትም እናትሽ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሄዳለች አላት። ስምንት ወር ጠበቀች። የሴቶቹን ጥቁር ልብስ አይታ ስትጠይቅ ሁሉም ያንኑ የጠበል ምልክት ያሳዩዋት ነበር። በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ልጅ እጇን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዳትና መቃብሩን አመለከታት። ሌሊት ለብቻዋ የምታወራው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ምን እንደምትል እንድታሳየን ስንጠይቃት ጥቂት ምልክቶች አሳየች፤ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን እኔ አላውቀውም፤ የእሷና የእናቷ ብቻ ነው» አለ።

ወንድሟን አስገብቼ ሳነጋግረው አልካደም። መርዶ በእኛ አገር በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በድምፅ የሚነገር ነው። «በእጄ ሞት ማለት የማውቀው እንዲህ ነው» ብሎ መዳፉን በጉሮሮው ላይ ሳበ። «በግ ስናርድ የምንጠቀምበት ነው፤ እናቴን በዚህ ልንገራት ዶክተር?» የምመልስለት አልነበረኝም። ያን ዕለት በመምህሩ እጅ፣ ወንድሟ ከፊቷ ተቀምጦ፣ መርዶው በትክክል ተነገራት። እያወቀችው እንደ አዲስ አለቀሰች፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተገናኘን። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከወትሮው እጥፍ ጊዜ እይዝ ነበር። 9 ጥያቄ ያለውን የድብርት መመዘኛ በጽሑፍ ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመምህሩ ጋር አስቀድመን በምሳሌ አዘጋጀነው፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለውን ብቻ ለመግባባት ሁለት የገበያ ቀን ቆጥረናል። ምግቧ ተመለሰ፤ ሌሊት ማውራቷን ግን አልተወችም፤ እኔም እንድትተው አልጠየቅኋትም። መምህሩ ሁለት ጊዜ ከቀጠሮው በኋላ ብቻውን ከእኔ ጋር ቆይቶ ነበር፤ ያን ሁሉ በ«እኔ» ሲናገር ውሎ ወደ ቤቱ እንዲሁ መሄድ ከብዶት ነው።

በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያውን ዕለት አንሥቼ፣ ድምፅ ትሰሚያለሽ ስልሽ ለምን አዎ አልሽ ብዬ ጠየቅኋት። መምህሩ «እርስዎ» እያለ አስተላለፈልኝ፦ «አዎ አላልኩም። ራሴን የነቀነቅኩት እያየሁዎት ነው ለማለት ነበር። ደግሞ ቸኩለው ነበር። ከመስኮቱ ፊት ስለ ተቀመጡ ፊትዎ ጥላ ብቻ ነበር፤ ሰው መሆንዎንም በደንብ አላየሁም።»

ጠረጴዛዬን ወደ ጎኑ ግድግዳ አዛወርሁት። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ያለው በመስኮቱ በኩል በመሆኑ የጽዳት ሠራተኛዋ ማታ ማታ ወደ ቀድሞ ቦታው ትመልሰዋለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አወጣዋለሁ።